ጥፋቱ የብሎንድ ኤሉም የዶሮ ወጡም አይደለም

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። ከሥራ ጓደኞቼ ጋር ወጥተን ብሎንድ ኤል የሚባል ክራፍት ቢራ ቀመስኩና ወደድኩት፣ ቀለል ይላል። ለልጄ ልደት አማቴ ዶሮ ወጥ ሠርተው ስለነበር ስድስት ጣሳ ገዝቼ ፍሪዘር ውስጥ አቀዝቅዤ አቀረብኩ። ቃጠሎውን አባሰው እንጂ አላበረደውም፣ ቢራውም ውሃ ውሃ አለን። የሚስቴ ወንድም ‹ላይት ቢራ ከሐበሻ ምግብ ጋር አይሄድም፣ ጊዮርጊስ ብታመጣ ይሻል ነበር› አለ። እውነቱን ነው? ብሎንድ ኤል ከምን ጋር ነው የሚጠጣው? ሁለት ጣሳ እስካሁን ፍሪዘር ውስጥ አለ።»

የሚስትህ ወንድም ተሳስቷል። ቢራው ላይት ቢራ አይደለም፣ ከሐበሻ ምግብ ጋርም ይሄዳል፣ ጊዮርጊስም ቢመጣ ከዚያ ዶሮ ጋር የሚሆነው ያው ነበር። አንተ ደግሞ ሁለት ነገር አበላሽተሃል። ፍሪዘር ውስጥ ከተትከው፣ ከዚያ በማዕዱ ላይ ካለው ሁሉ በጣም ከሚከብደው ወጥ ጋር አጋጠምከው።

«ላይት» ከምትለዋ ቃል እንጀምር። ብሎንድ የቀለም ስም ነው፤ የጥንካሬም የካሎሪም ስም አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ላይት ቢራ የሚባለው እንደ ቡድ ላይት ያለው ነው፣ 4.2 በመቶ አልኮል፣ በጣሳ 110 ካሎሪ፣ ሆን ተብሎ እንዲሳሳ የተሠራ ላገር። ብሎንድ ኤል ግን በደንብ ብቅል የገባበት ቢራ ነው። የቢራ ውድድር ዳኞች የሚጠቀሙበት መመሪያ አልኮሉን ከ3.8 እስከ 5.5 በመቶ ያደርገዋል። ምሬቱን ደግሞ አይ ቢ ዩ በሚባለው መለኪያ ከ15 እስከ 28። ላይት ላገር በዚሁ መለኪያ ከ8 እስከ 12 ነው። ስለዚህ አንተ «ቀለል ይላል» ያልከው ስሜት የመጣው ቢራው ባዶ ስለሆነ አይደለም። ብቅሉ ትንሽ የዳቦ፣ ትንሽ የማር ጣዕም ይሰጣል፣ ምሬቱ ብቅ ብሎ ይመለሳል፣ ምንም ነገር አይጮህም። ለምሳሌ የካሊፎርኒያው ፋየርስቶን ዎከር የሚጠምቀው 805 ብሎንድ ኤል ነው፣ አልኮሉ 4.7 በመቶ። ከቡድ ላይት ጋር ጎን ለጎን ብታስቀምጣቸው በቀለም ብዙም ላይለዩህ ይችላሉ። አፍ ላይ ግን ይለያያሉ።

ኤል እና ላገርም በቀለም አይለያዩም፤ የሚለያያቸው እርሾና ሙቀት ነው። የኤል እርሾ ሞቅ ያለ ቦታ ይወዳል፣ ከ16 እስከ 21 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ በቀናት ውስጥም ዋናውን ሥራ ይጨርሳል። የላገር እርሾ 10 ዲግሪ አካባቢ ቀስ ብሎ ይሠራል፣ ከዚያ በኋላም ቢራው በብርድ ለሳምንታት ይተኛል። ጊዮርጊስ፣ ሜታ፣ ሐበሻ፣ አገር ቤት ጃምቦ እያልን የምናዘው ቢጫ ቢራ ሁሉ ማለት ይቻላል ላገር ነው። ብሎንድ ኤል የተፈጠረውም ላገር የለመደ ሰው እንዳይደነግጥ ተብሎ ነው። በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ትንንሽ ጠመቃ ቤቶች ሲበዙ፣ አብዛኞቹ ታንክ ለሳምንታት የሚያስይዝ ላገር ለመጥመቅ ቦታውም ገንዘቡም አልነበራቸውም፤ ደንበኛው ደግሞ ጠቆር ያለውንና መራራውን ሲያይ ይሸሻል። በኤል እርሾ ቶሎ የሚደርስ፣ መልኩ ላገር የሚመስል ቢራ ጠመቁለት። እኔ የምሠራበት ትንሽ ጠመቃ ቤት ውስጥም እስከ ዛሬ ድረስ «እኔ ክራፍት ቢራ አልወድም» ብሎ ለሚገባ ሰው መጀመሪያ የምንቀዳለት እሱን ነው።

አንድ ነገር ልጨምርና ወደ ምግቡ ልግባ። እናቶቻችን ጠላ ሲጠምቁ ምሬቱን የሚሰጠው ጌሾ ነው፣ ቅጠሉና እንጨቱ። ቢራ ውስጥ ያንን ሥራ የሚሠራው ሆፕ የሚባል የሐረግ አበባ ነው። በብሎንድ ኤል ውስጥ ሆፑ ጥቂት ነው፣ ስለዚህ የቅጠል፣ የአበባ፣ አንዳንዴ የሎሚ ልጣጭ ሽታ ብቻ ትቶ ያልፋል። ይሄን ያዝልኝ፣ ጥብስ ጋ ስንደርስ እንፈልገዋለን።

ዶሮው ለምን አቃጠላችሁ? በርበሬ ውስጥ የሚያቃጥለው ነገር ካፕሳይሲን ይባላል። ውሃ ውስጥ አይሟሟም። ቅባት ውስጥ ይሟሟል፣ ጠንካራ አልኮል ውስጥም ይሟሟል፣ ግን 5 በመቶ አልኮል ያለው ቢራ አብዛኛው ውሃ ስለሆነ ጠራርጎ አይወስድልህም፤ አፍህ ውስጥ ያዳርሰዋል እንጂ። በዚያ ላይ የቢራው ጋዝ ራሱ ምላስ ይቆነጥጣል፣ በበርበሬ የተቆጣ ምላስ ደግሞ ያንን ቁንጥጫ እንደ ተጨማሪ ቃጠሎ ነው የሚሰማው። ምሬትም እንዲሁ ያባብሰዋል። ቅዝቃዜው ለአንዲት ጉንጭ ያህል ያታልልሃል፣ ከዋጥከው በኋላ እሳቱ ይመለሳል። ስለዚህ «ቢራ በርበሬ ያበርዳል» የሚባለው ልማድ ነው፣ የትኛውም ቢራ ይሁን። የሚያበርድ ከፈለግህ አማትህ ከዶሮው ጎን ያስቀመጡትን አይብ ብላ። የወተት ፕሮቲን ካፕሳይሲኑን ይዞት ይሄዳል። አይብ ከዶሮ ወጥ ጋር የሚቀርበው ለጌጥ መስሎህ ነበር?

ውሃ ውሃ ያለህ ደግሞ በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛው ወጡ ነው። የዶሮ ወጥ ሽንኩርት ሰዓታት ሲቁላላ ይጣፍጣል፣ ይጠቁራል፣ ከዚያ በርበሬው፣ ቅቤው፣ መከለሻው ይጨመራል። ያን የመሰለ ነገር አፍህ ውስጥ እያለ የብሎንድ ኤልን የማር ሽታ እፈልጋለሁ ማለት ሠርግ ቤት ውስጥ ከበሮ እየተመታ በሹክሹክታ እንደማውራት ነው። ሁለተኛው ፍሪዘሩ ነው። ቢራ ወደ በረዶነት ሲጠጋ ሽታው ይታሰራል፣ ምላስህም ይደነዝዛል። የሚቀረው ጋዝና ብርድ ብቻ ነው። ብሎንድ ኤል ከ5 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው ጣዕሙ የሚወጣው። ቴርሞሜትር ግዛ አልልህም። ፍሪጅ ውስጥ አሳድረው፣ ለመጠጣት አሥር ደቂቃ ሲቀርህ አውጥተህ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው፣ በቃ።

ከጣሳም አትጠጣ። ጣሳው መጥፎ ዕቃ ሆኖ አይደለም፣ እንዲያውም ብርሃን ስለማያስገባ ከጠርሙስ ይሻላል። ግን ግማሹ ጣዕም በአፍንጫ ነው የሚገባው፣ ከጣሳ ስትጠጣ አፍንጫህ የሚያሸተው ብረት ነው። ብርጭቆውን በደንብ እጠበውና ሳሙናው እስኪወጣ አለቅልቀው። የዘይት ወይም የሳሙና ቅሪት ካለ አረፋው ሁለት ደቂቃ አይቆይም፣ የብርጭቆው ግድግዳ ላይም አረፋዎች ተለጥፈው ታያለህ። ከፍሪዘር የወጣ በረዶ የለበሰ ብርጭቆ አይሆንም፣ ፎቶ ላይ ነው የሚያምረው። ስትቀዳ መጀመሪያ ብርጭቆውን አዘንብል፣ ወደ መጨረሻው ቀና አድርገውና ሁለት ጣት ያህል አረፋ ይያዝ። እኛ አረፋ ሲበዛ አስተናጋጁ የሰረቀን ይመስለናል። አረፋ ሳታወጣ የቀዳኸው ጋዝ ግን የሚወጣው ሆድህ ውስጥ ነው፣ ከዚያ «ይሄ ቢራ ይነፋል» ትላለህ።

አሁን ወደ ማዕዱ። የብሎንድ ኤል ቦታ አልጫው በኩል ነው። ባለፈው እሁድ ቤት የበግ አልጫ ተሠርቶ ነበር፣ እርዱ፣ ዝንጅብሉ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ላዩ ላይ ቢጫ ቅቤ ተኝቷል። ሁለት ጉርሻ ከበላህ በኋላ ቅባቱ ከንፈርህ ላይ ይቀራል፣ ምላስህም ይሸፈናል። አንድ ጉንጭ ብሎንድ ኤል ስትጎነጭ ጋዙ ያንን ቅባት ይፍቀዋል፣ ዝንጅብሉ ከሆፑ ሽታ ጋር ይገናኛል፣ ሦስተኛው ጉርሻ እንደ መጀመሪያው ይጣፍጥሃል። ይሄ ነው ምግብና ቢራ ተስማሙ የሚባለው። እንጀራውም ያግዛል። የእንጀራ ኮምጣጣነት ቢራውን ጣፈጥ፣ ሞላ ያለ ያስመስለዋል። ካላመንከኝ ባዶ እንጀራ ቁራሽ አኝከህ ከዋጥክ በኋላ ቢራውን ቅመሰው። ከዚያ በፊት ከቀመስከው ጋር ልዩነቱን ታየዋለህ።

ጥብስ ላይ ጠንቀቅ በል። በሽንኩርት፣ በትንሽ ቃሪያና በጥብስ ቅጠል የተሠራ ደረቅ ጥብስ ከብሎንድ ኤል ጋር በጣም ይስማማል፣ ያ ቅድም ያዝልኝ ያልኩህ የቅጠል ሽታ እዚህ ይገባል፣ የሆፑና የጥብስ ቅጠሉ ሽታ ዘመዳሞች ናቸው። ጨውም የቢራውን ምሬት ያለሰልሰዋል። አዋዜ ከተጨመረበት ግን ወደ ዶሮው ታሪክ ተመለስን። አዋዜውን ለብቻው አስቀርበህ በጫፍ እየነካህ ብላ። ክትፎም እንደዚያው ነው። ኮረሪማውና ቅቤው ከብሎንድ ኤል ጋር ምንም ጠብ የላቸውም፣ ጠቡ ያለው ከሚጥሚጣው ጋር ነው። «ሚጥሚጣውን ጎን» ብለህ እዘዝ። እግረ መንገዴን፣ ጥሬ ሥጋ ከበላህ በኋላ ቢራ ወይም አረቄ ኮሶውን ይገድለዋል የሚባለው ወሬ ነው። አይገድለውም። ኮሶን የሚከላከለው የተመረመረና በደንብ የበሰለ ሥጋ ነው።

እኔን ብትጠይቀኝ ግን ከሁሉም የምመርጠው ዓሣ ነው። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቁጭ ብሎ ሙሉ ቆሮሶ ተጠብሶ፣ ጎኑ ተተልትሎ፣ ሎሚ ተጨምቆበት የበላ ሰው የምለውን ያውቀዋል። ቆዳው ኩርምት ኩርምት ይላል፣ ውስጡ ነጭና ለስላሳ ነው፣ ከባድ ቢራ ይደፈጥጠዋል። ብሎንድ ኤል ግን ዘይቱን ያጥብና ዓሣውን ለራሱ ይተውለታል። አሜሪካ ላለኸው ቲላፒያ የሚሉት የዚያው ዓሣ ዘመድ ነው፣ ፍሪዘር ውስጥ የቀዘቀዘውን ሳይሆን ካገኘህ ሙሉውን ግዛ። በዱቄት ትንሽ አልብሰህ ጥበስ። ዳጣውን አርቀው።

የምስር ሳምቡሳ ጥሩ ነው፣ በተለይ ትኩሱ። ጎመንና አይብ ጥሩ ነው። ነጭ ሽሮ ጥሩ ነው፣ በርበሬ የበዛበት ተጋቢኖ ግን አይሆንም። ቆሎ ደግሞ ሳይወራለት የቀረ ነገር ነው። ገብሱ ተቆልቶ ያለው፣ ሱፍና ኦቾሎኒ የገባበት ቆሎ፣ እንግዳ እስኪሰበሰብ ከብሎንድ ኤል ጋር አቅርበው። ቢራውም ከገብስ ነው፣ ይተዋወቃሉ። ከፈረንጅ ምግብ የተጠበሰ ዶሮ፣ ሰላጣ፣ የፍየል አይብ፣ ተራ ሳንድዊች፣ ሁሉም ይሆናሉ። የልደት ኬክ አይሆንም። ስኳሩ ቢራውን መራራና ቀጭን ያደርገዋል፣ ለኬኩ ቡና አፍላ።

በአንድ ትሪ ላይ ስምንት ዓይነት ወጥ ሲቀርብ ለሁሉም የሚስማማ አንድ ቢራ የለም። ከዚህ በላይ ቃል የሚገባልህ ሰው ቢራ ሊሸጥልህ ነው። ማድረግ የምትችለው ቅደም ተከተል መያዝ ነው። በቆሎው፣ በሳምቡሳው፣ በአልጫው ጊዜ ብሎንድ ኤሉን ቅዳ። ዶሮው ሲመጣ ቀይር። ወደ ምን? ብዙ ሰው እዚህ ላይ አይ ፒ ኤ የሚባለውን ሆፕ የበዛበት መራራ ቢራ ያነሳል፣ «ጠንካራ ምግብ ጠንካራ ቢራ» በሚል ሒሳብ። አታድርገው፣ ምሬቱ ከበርበሬው ጋር ሲገናኝ አፍህን ያነደዋል። ለዶሮ ወጥ የሚሆነው ብቅሉ የተቆላ፣ ምሬቱ ዝቅ ያለ ቡናማ ቢራ ነው፣ ብራውን ኤል ወይም የጀርመኖቹ ዱንክል። የተቆላው ብቅል ከተቁላላው ሽንኩርት ጋር ይመሳሰላል፣ ጣፋጭነቱም ቃጠሎውን በመጠኑ ያረጋጋዋል። ወይም ጠጅ። ለዶሮ ወጥ ጠጅን የመረጡት አያቶቻችን የቢራ ትምህርት ቤት አልገቡም፣ ግን ማር ከበርበሬ ጋር ምን እንደሚያደርግ ያውቁ ነበር።

ስትገዛ ከዋጋው በፊት ቀኑን እይ። ብዙ ጊዜ የጣሳው ታች ላይ የታሸገበት ወይም የሚያበቃበት ቀን ይታተማል። ብሎንድ ኤል እንደ ወይን አይበስልም፣ ባረጀ ቁጥር ይወድቃል። ከታሸገ ሦስት ወር ያላለፈውን፣ ከተቻለ ሱቁ ፍሪጅ ውስጥ ያስቀመጠውን ውሰድ። ጠቆር ያለ ቢራ ሲያረጅ ጥፋቱን ይደብቃል፣ ብሎንድ ኤል መደበቂያ የለውም፣ የረጠበ ካርቶን ይሸታል። ይሄን የተማርኩት በራሴ ስንፍና ነው። አንድ ዓመት ነሐሴ ላይ ለጓደኛ ላደርስ ያልኩትን ካርቶን መኪናዬ የኋላ ኮፈን ውስጥ ረስቼ ለሁለት ሳምንት ያህል በሙቀት አዞርኩት። ጓደኛዬ ጨዋ ስለሆነ «ጥሩ ነው» አለኝ። እኔ ስቀምሰው አፈርኩ። ነጭና አረንጓዴ ጠርሙስ ከሆነ ደግሞ ብርሃን አታሳየው። ብርሃን የሆፑን ምሬት ይሰባብርና መጥፎ ሽታ ያመጣል፣ ለዚህ ደቂቃዎች የፀሐይ ብርሃን ይበቃሉ።

አንድ ወጥመድ ደግሞ አለ። የቤልጂየም ቢራዎችም ብሎንድ ይባላሉ፣ ግን ሌላ ዓለም ናቸው። ሌፍ ብሎንድ 6.6 በመቶ ነው። መልኩ ወርቃማ የሆነው ዱቬል 8.5 በመቶ ነው፣ አንዷ 33 ሳንቲሊትር ጠርሙስ አሜሪካኖች አንድ መጠጥ ብለው ከሚቆጥሩት ከአንድ ተኩል በላይ ትሆናለች። «ብሎንድ ነው፣ ቀላል ነው» ብለህ ሦስት ጠጥተህ መኪና ውስጥ እንዳትገባ። ቀለሙን ሳይሆን ቁጥሩን አንብብ። በ4.7 በመቶውም ቢሆን ማዕድ ረጅም ሲሆን ጣሳው ሳይታወቅ ይደራረባል፣ የሚነዳውን ሰው ቀድማችሁ ወስኑ። ግሉተን፣ ማለትም ስንዴና ገብስ ውስጥ ያለው ፕሮቲን፣ የማይስማማው እንግዳ ካለህም እንጀራው ንጹሕ ጤፍ ቢሆን እንኳ ቢራውም ይሆነዋል አትበል፣ ቢራው ገብስ ነው።

እንግዲህ እኔ በአንተ ቦታ ብሆን የማደርገው፦ በሚቀጥለው እሁድ የሚስትህን ወንድም ጥራው። የበግ አልጫ ወይም የተጠበሰ ዓሣ፣ ጎመን፣ አይብ። ከፍሪጅ ወጥቶ አሥር ደቂቃ የቆየ ብሎንድ ኤል፣ በንጹሕ ብርጭቆ፣ በአረፋው። ጎኑ አንድ ቀዝቃዛ ጊዮርጊስ አስቀምጥለት፣ ሁለቱንም ከአልጫው ጋር ይቅመስ። ጊዮርጊስን ቢመርጥ አትከራከረው፣ ከአልጫ ጋር እሱም አያሳፍርም። ብቻ ዶሮ በዚያ ቀን አይሠራ።

ፍሪዘር ውስጥ ስለቀሩት ሁለቱ። ጣሳው አብጦ ከሆነ እዚያው አትክፈተው፣ ፊትህ ላይ ይፈነዳል፣ ጎድጓዳ ዕቃ ውስጥ አድርገህ ፍሪጅ ውስጥ ቀስ ብሎ ይቅለጥ፣ ከዚያ ማጠቢያው ላይ ክፈተው። አንዴ በረዶ የሠራ ቢራ ጋዙም ጣዕሙም ልክ አይመለስም፣ ስለዚህ ለእንግዳ አትቅዳው። አንዱን ለዓሣው ዱቄት ማርጠቢያ አድርገው፣ አንድ ኩባያ ዱቄት፣ ጨው፣ ቀዝቃዛ ቢራውን እርጎ እስኪመስል፣ ወዲያው ነክረህ ትኩስ ዘይት ውስጥ። ሁለተኛውን ለድፎ ዳቦ ሊጥ በውሃ ፋንታ አብካበት፣ እርሾውን ግን እንደ ወትሮው ጨምር፣ የጣሳ ቢራ ሊጥ አያነሳም።